ሞተሩን ከመፍታት በፊት

ጎርጎራ ከጎንደር ከተማ በስተደቡብ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ የደንቢያ ሜዳ አልቆ ጣና በሚጀምርበት ዳርቻ ላይ ትገኛለች። ሐይቁ ለዘመናት በደንገል ታንኳ ሲቀዘፍ ኖሯል። በ1970ዎቹ መጨረሻ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንና የኔዘርላንድ በጎ አድራጊዎች ተባብረው የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ለዓሣ አስጋሪዎች ካስገቡ ወዲህ፣ ከጀልባ ኋላ የሚታሰረው የቤንዚን ሞተር የብዙ ቤተሰብ እንጀራ ሆነ። ዕድሜ የጠገቡ ቱ ስትሮክ ሞተሮች ዛሬም ከሥራ አልወጡም። ሞተር ጉልበት ሲያጣ ምን መደረግ አለበት በሚለው ላይ ግን ባለቤትና ባለሙያ ብዙ ጊዜ ሳይስማሙ ገንዘብ ይወጣል። የሚከተለው ምልልስ በሐሳብ የተዋቀረ ነው፤ ሁለቱ ተናጋሪዎች፣ ባለጀልባውና መካኒኩ፣ በዚህ ጉዳይ ላይ ያሉትን ሁለት አቋሞች ይዘው ይሟገታሉ።

ባለጀልባው፦ ጋሼ፣ ነገሩን ሳላስረዝም ልንገርዎት። ሞተሩ ባለ 40 የፈረስ ጉልበት፣ ሁለት ሲሊንደር፣ ቱ ስትሮክ ነው። ሲጎተት ይነሳል፣ ሚኒሞውንም ይዞ ይሠራል። ሰውና ዕቃ ጭኖ ነዳጅ ሲሰጡት ግን ይታፈናል፤ ጀልባው ይንፏቀቃል እንጂ አይፈጥንም። ከየአቅጣጫው የምሰማው ምክር አንድ ነው፤ ሞተሩ ይውረድ፣ ፒስተንና ፋሻ ይቀየር። እኔም ወደዚያው አዘንብያለሁ። ያረጀ ሞተር ያው ያረጀ ነው፤ ምርመራ የሚሉት ነገር ጊዜና ገንዘብ ከማባከን በቀር ምን ይጨምራል?

መካኒኩ፦ ልጄ፣ እርጅና ብቻውን የብልሽት ስም አይሆንም። ሞተር ጉልበት የሚያጣው አንድ የተወሰነ ነገር ሲጎድልበት ነው። እሱም አየር፣ ቤንዚን፣ ኮረንቲ፣ ኮምፕሬሽን፣ ማቀዝቀዣ ውሃ፣ አለዚያም የተመረተውን ጉልበት ወደ ውሃው የሚያደርሰው ፕሮፔለር ነው። ከእነዚህ ከስድስቱ ፒስተንና ፋሻ መቀየር የሚያድነው አንዱን፣ ኮምፕሬሽንን ብቻ ነው። አምስቱን ሳይጠይቁ ወደ ስድስተኛው፣ ያውም እጅግ ውድና አድካሚ ወደሆነው መሮጥ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። ስለዚህ እኔ የምለው ከመፍታት በፊት ይጠየቅ፣ ከመቀየር በፊት ይለካ ነው። ጥያቄውም ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ከርካሹ ወደ ውዱ ይሂድ። ይህ ቅደም ተከተል የእኔ አመል ወይም ጥንቃቄ ከማብዛት የመጣ እንዳይመስልህ። ርካሹ ምርመራ ውዱን ሊያስቀር ይችላል፤ ውዱ ጥገና ግን ርካሹን ምክንያት አያስወግደውም።

የመጀመሪያው ጥያቄ ቁልፍም ካቻቪቴም አይፈልግም። ነዳጅ ሙሉ ሲሰጠው ሞተሩ ይጮኻል ወይስ ይታፈናል? ዙሩ እየጨመረ ጀልባው ካልሄደ ጉልበቱ ተመርቷል፣ ውሃው ዘንድ ግን አልደረሰም፤ ጥፋቱ ከታች ነው። የፕሮፔለሩ ክንፍ ተበልቷል፣ ወይም እምብርቱ ውስጥ ያለው ጎማ ተላቅቆ ዘንጉ ብቻውን ይዞራል። ይህን ለማረጋገጥ በዘንጉ ዙሪያ ካለው ውስጠኛ ብረት ጀምሮ ጎማውን አቋርጦ እስከ ውጨኛው ድረስ አንድ ቀጥ ያለ የቀለም መስመር ማስመር ይበቃል። ሙሉ ነዳጅ ሰጥተህ ከተመለስክ በኋላ መስመሩ ለሁለት ተለያይቶ ካገኘኸው ጎማው ተላቋል። በጄት ስኪም ሕጉ ያው ነው። እዚያ ውሃ የሚገፋው ክንፍ በቱቦ ውስጥ ስለሚዞር፣ በክንፉ ጫፍና በዙሪያው ባለው ቀለበት መካከል ያለው ክፍተት ሲሰፋ ሞተሩ እየጮኸ ጀልባው ይቆማል። በተቃራኒው ዙሩ ራሱ አልወጣ ካለ ሞተሩ ጉልበቱን አላመረተም፣ ወይም ከአቅሙ በላይ ተጭኗል። ያንተ ይታፈናል ካልክ ግማሹን መንገድ ተሻግረናል፤ እስካሁን ግን አንድ ብሎን አልተፈታም።

ባለጀልባው፦ ይህስ ይሁን። እንግዲህ ይታፈናል ካልን፣ መጽሐፉ 40 ፈረስ የሚለው ሞተር ድሮም ቢሆን 40 ሰጥቶ አያውቅም ይላሉ ሰዎች። ይህ ራሱ ከሥር የተበላሸ ነገር እንዳለ አያሳይም?

መካኒኩ፦ አያሳይም፤ ይህን ማወቅም የምርመራው ትልቅ ክፍል ነው። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው 80 በመቶውን ትንሽ ቢያልፍ ነው። ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ይቀንሳል በሚለው የተለመደ ስሌት ብንሄድ፣ ባሕር ጠረፍ ላይ 40 ፈረስ የሚሰጥ ሞተር ጎርጎራ ላይ አንዳች ብልሽት ሳይኖረው 33 ገደማ ይሰጣል። ጎንደር ከተማ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ ደባርቅ 2,800 ሜትርን ታልፋለች። በዳባት አድርጎ ወደ ደባርቅ የሚወጣ ባለካርቡሬተር ሞተር ሳይክልን ዳገቱና የሳሳው አየር አብረው ይጫኑታል፤ ደባርቅ ሲደርስ ከጉልበቱ ሩቡ ያህል የለም። መጽሐፉ ላይ ያለው ቁጥር ባሕር ጠረፍ ላይ ተለክቶ የተጻፈ ነው። ያንን ቁጥር ጣና ላይ ፈልጎ ያጣ ሰው ጤነኛ ሞተር ያስፈታል።

ጉዳቱ በአየሩ መሳሳት ብቻ አያበቃም። ካርቡሬተሩ ውስጥ ጂግለር የሚሏት፣ ቀጭን ቀዳዳ ያላት ትንሽ የነሐስ ብሎን አለች፤ የሚያልፈውን ቤንዚን የምትወስነው እሷ ናት። ይህች ቀዳዳ የተለካችው ለወፍራሙ የባሕር ጠረፍ አየር ነው። ሽሮው ሳይቀነስ ውሃው ብቻ ቢጎድል ወጡ እንደሚወፍር፣ ቤንዚኑ በሚገባው ልክ ሳይቀነስ አየሩ ሲሳሳ ድብልቁ ይወፍራል። ካንዴላው ጠቁሮ ይረጥባል፣ ጭሱ ይበዛል፣ ሞተሩም ነዳጅ ሲሰጡት ይታፈናል። መፍትሔው የታወቀ ነው። አንደኛ፣ አምራቹ ለከፍታ ቦታ ያዘዘውን ጠባብ ጂግለር መግጠም። ሁለተኛ፣ ፕሮፔለሩን በአንድ ዙር አነስ ያለ ርቀት በሚገፋ መለወጥ። ይህ ርቀት በኢንች ይለካል፤ አንድ ኢንች ሲቀነስ የሞተሩ ዙር በደቂቃ ከ150 እስከ 200 ያህል ይጨምራል። ለባሕር ጠረፍ የተመረጠ ፕሮፔለር የተጫነበት ሞተር ጣና ላይ ሊደርስበት የሚገባው ዙር ላይ ሳይደርስ ይቀራል፤ ባለቤቱም አረጀ ይላል።

ባለጀልባው፦ እዚህ ላይ ግን አልተቀበልኩዎትም፣ ጋሼ። ጣና ትናንትም 1,800 ሜትር ነበር፤ ሞተሩ ግን ትናንት ይሄድ ነበር። ከፍታው አልተለወጠ፣ ፕሮፔለሩ አልተለወጠ፤ ታዲያ ዛሬ የመጣውን ድካም በከፍታ እንዴት እናመካኛለን?

መካኒኩ፦ ተቃውሞህ ትክክል ነው፤ እኔም የምፈልገው እሱን ነው። ሁልጊዜ የነበረ ድካም ሁልጊዜ የነበረ ምክንያት አለው፤ አዲስ ድካም አዲስ ምክንያት ይኖረዋል። ከፍታ ስለ መጀመሪያው ይመልሳል፣ ስለ ሁለተኛው አይመልስም። ሁለቱን ለይቶ ያልጠየቀ መካኒክ ከሁለት ስህተት በአንዱ ይወድቃል፤ ወይ የቦታውን ጠባይ ብልሽት ነው ብሎ ሞተር ይፈታል፣ ወይ ብልሽቱን የቦታው ጠባይ ነው ብሎ ይተወዋል። ስለዚህ ለባለቤቱ የሚቀርበው ሁለተኛው ጥያቄ መቼ ጀመረው፣ በድንገት ነው ወይስ ቀስ በቀስ፣ ከዚያ በፊትስ ምን ተለወጠ የሚል ነው። በአንድ ቀን የመጣ ድካም የፋሻ መበላት አይመስልም፤ ፋሻ የሚበላው በወራት ነው። በድንገት የሚመጣው የተዘጋ ጂግለር፣ የሞተ ካንዴላ፣ ውሃ የገባበት ቤንዚን፣ የተላቀቀ ጎማ ወይም የተጠመጠመ አረም ነው።

ጣና ላይ ደግሞ የተለወጠ ትልቅ ነገር አለ። እምቦጭ በሐይቁ ሰሜናዊ ምሥራቅ ዳርቻ፣ በመገጭ ወንዝ መግቢያ አካባቢ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ተስፋፍቶ በጎንደር በኩል ያለውን ዳርቻ ይዟል። ይህ አረም ሞተርን በሁለት በኩል ይጎዳል። ሥሩ ፕሮፔለሩ ላይ ሲጠመጠም ሞተሩ ከአቅሙ በላይ ተጭኖ ይታፈናል። የሞተሩ እግር ላይ ያለችውን የማቀዝቀዣ ውሃ ማስገቢያ ወንፊት ሲደፍን ደግሞ ሞተሩ ይግላል። መገጭ፣ ርብና ጉማራ በክረምት የሚያመጡት ደለልም አለ፤ ጭቃማ ውሃ የውሃ ፓምፑን የጎማ ክንፍ እየፋቀ ያደክመዋል። ስለዚህ ከሞተሩ ጎን የምትወጣውን ቀጭን የውሃ ክር ማየት ልማድ መሆን አለበት። ክሯ ከደከመች ወይም ከሞቀች፣ ጉልበት ማጣቱ ሞተሩ እየጋለ ለመሆኑ ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ሞተር ሲግል ራሱን ለማዳን ዙሩን ይቀንሳል፤ ያንን እንደ ብልሽት ቆጥሮ አስገድዶ መንዳት ፒስተኑ ሲሊንደሩን ነክሶ እንዲቆም ማድረግ ነው። ጀልባው ራሱም ይታይ፤ ወለሉ ሥር የተጠራቀመ ውሃ ወይም ከበፊቱ የበዛ ጭነት ጤነኛን ሞተር የታመመ ያስመስለዋል።

ባለጀልባው፦ እሺ፤ ፕሮፔለሩ ንጹህ ነው፣ ውሃው ይወጣል፣ ጭነቱም ያው ነው እንበል። አሁንስ ወደ ፒስተኑ አልደረስንም?

መካኒኩ፦ ገና ነን። ቀጥሎ ቤንዚኑ ነው። የታንኩ ክዳን ላይ አየር የምታስገባ ብሎን አለች። ታንኩ ሲጓጓዝ ትጠብቃለች፤ ሐይቅ ላይ መላላት አለባት። ከተረሳች ቤንዚኑ በወጣ ቁጥር የሚተካው አየር አይገባም፤ ሞተሩ ጥቂት ደቂቃ በደንብ ሄዶ ይታፈናል፣ ሲያርፍ ይነሳል፣ እንደገና ይታፈናል። ከዚያ በታንኩና በሞተሩ መካከል ባለው ጎማ ላይ በእጅ የምትጨመቅ ኳስ አለች፤ ከብዙ መሣሪያ የምትበልጥ መመርመሪያ እሷ ናት። ሞተሩ ሙሉ ነዳጅ ተሰጥቶት ሲታፈን ሌላ ሰው ኳሷን ደጋግሞ ይጭመቃት። ጉልበቱ ከተመለሰ ሞተሩ ቤንዚን ተርቧል ማለት ነው፤ የቤንዚን ፓምፑ ደክሟል፣ ወይም የደረቀው ጎማ አየር ይስባል። ኳሷ ተጨምድዳ ከቀረች መዘጋቱ ከኳሷ ወዲያ፣ ታንኩ በኩል ነው። ኳሷ ጠንክራ፣ መጭመቁም ምንም ካልለወጠ ቤንዚኑ እስከ ካርቡሬተሩ ይደርሳል፤ ፍለጋው ወደ ውስጥ ይግባ። በአንዲት ኳስ ሦስት የተለያየ መልስ ይገኛል፤ የሚያስወጣውም ምንም የለም።

ቤንዚኑ ራሱም ይመርመር። በጀሪካን ተገዝቶ የከረመ ቤንዚን ውስጥ ውሃና ቆሻሻ አይጠፋም። በንጹህ ሃይላንድ ቀድቶ ለጥቂት ጊዜ ማስቀመጥ ይበቃል፤ ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ከታች ተለይቶ ይታያል። ክረምቱን የቆመ ጀልባ ላይ ደግሞ ካርቡሬተሩ ውስጥ የቀረው ቤንዚን ተንኖ ሙጫ መሰል ዝቃጭ ይተዋል፤ ከጂግለሯ ቀዳዳ ጥቂቱን ብትዘጋ ሞተሩ በሚኒሞ ይሠራል፣ ብዙ ቤንዚን ሲጠየቅ ግን አይኖረውም። አንተ የነገርከኝ ምልክት ከዚህ ጋር ይገጥማል። ዘይቱም ልክ ይኑረው። ብዙ አምራቾች ለ50 ሊትር ቤንዚን 1 ሊትር ዘይት፣ ማለትም ለአንድ ሊትር 20 ሚሊ ሊትር ያዝዛሉ፤ ያውም ቲሲ-ደብልዩ 3 የሚል ምልክት ያለበትን፣ ለጀልባ ሞተር የተሠራውን። የመኪና ዘይት እዚህ ሲቃጠል አመድና ከሰል ይተዋል፤ ከሰሉ የጭስ መውጫውን ቀዳዳ ሲያጠብ ቱ ስትሮክ በደንብ አይተነፍስም፣ ጉልበቱም ቀስ በቀስ ይሄዳል።

ከቤንዚኑ ቀጥሎ ኮረንቲው ነው። ሁለት ሲሊንደር ያለው ሞተር በአንዱ ብቻ ሊነሳ፣ ባዶውንም ሊሠራ ይችላል፤ ጭነት ሲመጣ ግን ይታፈናል። ሞተሩ ሙሉ ነዳጅ ተሰጥቶት ሳለ በድንገት ይጥፋና ሁለቱ ካንዴላዎች ወጥተው ጎን ለጎን ይታዩ። ቡናማ ከሆነ ደኅና ነው። ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ድብልቁ ወፍሯል ወይም ብልጭታው ደክሟል። ነጭ ሆኖ የተቃጠለ ከመሰለ ድብልቁ ሳስቷል ወይም ሞተሩ ግሏል፤ ይህ እጅግ የሚያሰጋው ነው። ሁለቱ እኩል ከጠቆሩ ምክንያቱ የጋራ ነው፤ ከፍታ፣ ዘይት ወይም ቤንዚን። አንዱ ብቻ ከጠቆረ ምክንያቱ የዚያ ሲሊንደር ነው፤ ካንዴላው፣ ቦቢናው ወይም የራሱ ካርቡሬተር። ከዚያ ከቤንዚን ራቅ ተብሎ፣ ካንዴላውን ብረት አስነክቶ ብልጭታው ይታይ፤ ሰማያዊና ጠንካራ መሆን አለበት።

ባለጀልባው፦ ጋሼ፣ ይህን ሁሉ የሚያደርግ ሰው ይከበራል። ግን ልምድ ያለው መካኒክ በጆሮው ብቻ ያውቃል ይባላል። ደግሞም ፒስተን ተቀይሮላቸው የዳኑ ሞተሮች ብዙ ናቸው። የተሳካ ነገር ማስረጃ አይሆንም?

መካኒኩ፦ ጆሮ ትልቅ ነገር ነው፤ ግምት የሚሰጠው ጆሮ ነው። ግምት ግን ፍርድ አይደለም። የተዘጋ ጂግለርና የደከመ ኮምፕሬሽን ሞተርን በአንድ ዓይነት ድምፅ ያፍኑታል፤ ምንም ያህል የሠለጠነ ጆሮ የአንድን ድምፅ ሁለት ምክንያት አይለይም። የሚለየው መለኪያ ነው። ስለ ዳኑት ሞተሮች ያልከው ደግሞ ጠንካራ ይመስላል፤ ቀርበህ ስታየው ግን ይላላል። ሞተር ሲወርድ የሚቀየረው ፒስተኑ ብቻ ነው? ካርቡሬተሩ ይታጠባል፣ አዲስ ካንዴላ ይገባል፣ ከሰሉ ይፋቃል፣ አሮጌው ቤንዚን ተደፍቶ አዲስ ይሞላል፣ የላላ ጎማ ይጠብቃል። ከፒስተኑ ሌላ አምስት ነገር በአንድ ቀን ተለውጦ ሞተሩ ሲድን ምስጋናው ሁሉ በጣም ውድ ለሆነው ዕቃ ይሰጣል። ያዳነው ግን ጂግለሯን ያጠበው ግማሽ ሊትር ቤንዚን ሊሆን ይችላል። አንድ በአንድ ካልተለወጠ ያዳነውን ማወቅ አይቻልም፤ ያዳነውን የማያውቅም የሚቀጥለውን ሞተር እንደገና ያስፈታል።

ኮምፕሬሽኑ ራሱ ሊለካ የሚችል ነገር ነው። ሞተሩ ሞቆ፣ ሁለቱም ካንዴላዎች ወጥተው፣ የኮረንቲው መስመር ብረት ነክቶ፣ ነዳጅ መስጫው ሙሉ ተከፍቶ መለኪያው በካንዴላው ቀዳዳ ይገጠምና ገመዱ ደጋግሞ ይሳባል። እዚህም ከፍታው ያሳስታል። ባሕር ጠረፍ ላይ 120 ፒኤስአይ የሚያሳይ ጤነኛ ሲሊንደር ጣና ላይ ወደ 100 ገደማ ያሳያል፤ መጽሐፉን ብቻ ያየ ሰው 100ን አይቶ ይህ ሞተር አልቋል ሊል ይችላል። ስለዚህ ከቁጥሩ ይልቅ ልዩነቱ ይናገራል። ሁለቱ ሲሊንደሮች ተቀራራቢ ከሆኑ ጥሩ ነው፤ አንዱ ከሌላው ከ10 እስከ 15 በመቶ በላይ ከወረደ ግን ያኔ የሲሊንደሩ ክዳን፣ ቴስታታው፣ ይፈታ፤ ያኔ እኔም እደግፍሃለሁ። ሲፈታም ፒስተኑን ቀይሮ መዝጋት አይበቃም፤ ለምን ተበላ ተብሎ ይጠየቅ። በቱ ስትሮክ ፒስተኑን የሚያለሰልሰው ዘይት ከቤንዚኑ ጋር ነው የሚመጣው። የክራንክ ሻፍቱ ፓራሊዮ፣ ማለትም አየር እንዳይገባ የሚዘጋው ጎማ፣ አርጅቶ አየር ከሳበ፣ ወይም ጂግለሯ ከተደፈነ፣ ቤንዚኑ ሲያንስ ዘይቱም ያንሳል። ምክንያቱ ሳይገኝ የገባ አዲስ ፒስተን የአሮጌው ዕጣ ይደርሰዋል። ስለዚህ ሞተሩ በእርግጥ ተበልቶ ቢገኝ እንኳ ቅደም ተከተሉ አይቀርም።

ባለጀልባው፦ እስካሁን ያሉትን ተቀብያለሁ። ግን አንድ መሠረታዊ ጥያቄ አለኝ። ለአሮጌ ቱ ስትሮክ ይህን ያህል መድከም ተገቢ ነው? ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። እነዚህ ሞተሮች ውሃውን ያበላሻሉ። ተጥለው ፎር ስትሮክ ቢገባ አይሻልም?

መካኒኩ፦ አቅም ላለው ይሻላል፤ ይህን አልክድም። የድሮው ባለካርቡሬተር ቱ ስትሮክ ከሚወስደው ቤንዚን ሩቡ ያህል ሳይቃጠል ከነዘይቱ ከጭሱ ጋር ይወጣል፤ የጀልባ ሞተር ጭሱን የሚተፋው ደግሞ ውሃው ውስጥ ነው። ዓሣ የሚያሰግር ሰው ዓሣው የሚኖርበትን ውሃ ባይበክል ለራሱም ለልጆቹም ነው። ነገር ግን ሞተር የሚቀየረው ገንዘብ ሲገኝ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ያለው ሞተር ይሠራል። ድብልቁ የወፈረ፣ ካንዴላው የጠቆረ፣ አንድ ሲሊንደሩ የሞተ ሞተር ከተስተካከለው እጅግ የበለጠ ይበክላል፤ የማያቃጥለው ሲሊንደር የገባለትን ቤንዚን በሙሉ ሐይቁ ላይ ይደፋዋል። ስለዚህ ምርመራው ሐይቁን የሚጠቅም ሥራ ነው። ደግሞም ፎር ስትሮክ ቢገባ አየሩ አይወፍርም፣ እምቦጩም አይሸሽም። አዲሱም ሞተር ጉልበት ሲያጣ የሚጠየቀው ያው አየር፣ ቤንዚን፣ ኮረንቲ፣ ኮምፕሬሽን፣ ውሃና ፕሮፔለር ነው።

ባለጀልባው፦ እንግዲያው አንድ የቀረኝ አለ። ነገሩ ይህን ያህል ግልጽ ከሆነ ለምን አይደረግም? ጋራዥ ሲገባ መጀመሪያ የሚሰማው ይፈታ የሚለው ነው። መካኒኮቹ አያውቁም እንዳልል እርስዎም መካኒክ ነዎት። ባለቤቱም ቢሆን ሐይቅ ላይ የማይወጣበት ቀን ገቢ የሌለበት ቀን ነው፤ ቶሎ ይለቅልኝ ይላል።

መካኒኩ፦ ችግሩ ብዙውን ጊዜ የእውቀት አይደለም፤ የአከፋፈል ነው። ባለቤት ለተቀየረ ዕቃ ይከፍላል፤ ለተገኘ ምክንያት ግን አይከፍልም። ኳስ ጨምቆ፣ የክዳን ብሎን አላልቶ፣ ካንዴላ አይቶ በግማሽ ሰዓት ችግሩን ያገኘ መካኒክ ምን ሠራህ ይባላል፤ ሁለት ቀን ፈትቶ የገጠመው ግን ሠራ ይባልና ይከፈለዋል። በዚህ አከፋፈል የሚያስብ እጅ ይከስራል፣ የሚፈታ እጅ ያተርፋል። ከዚያ በኋላ ጋራዡ ለምን ይፈታል ብሎ መውቀስ ተገቢ አይሆንም። መቸኮልንም አልነቅፍም፤ የዕለት ገቢ ያለው ሰው ቸኳይ ነው። ግን የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው። ከላይ የዘረዘርኩት ሁሉ፣ ኮምፕሬሽን መለካቱን ጨምሮ፣ ከግማሽ ቀን አያልፍም። ሞተር ማውረድ ግን ቀናት ይወስዳል፤ ዕቃው ከአዲስ አበባ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ሳምንታት። ሐይቅ ላይ ደግሞ ሌላም አለ። ጣና ከሰሜን እስከ ደቡብ 84 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ምክንያቱ ሳይገኝ ተለቅቆ መሐል ውሃ ላይ የቆመ ሞተር የሰው ነፍስ ይዞ ነው የሚቆመው።

ባለጀልባው፦ እንግዲህ ተስማማሁ፤ ግን ስምምነቱ የአንድ ወገን እንዳይሆን። እኔ ለፍለጋው እከፍላለሁ፣ ዕቃ ባይቀየርም። እርስዎ ደግሞ አይቻለሁ ብለው በቃል ብቻ አይንገሩኝ፤ ያገኙትን በቁጥር ያሳዩኝ። ሙሉ ነዳጅ ላይ ስንት ዙር እንደደረሰ፣ ሁለቱ ሲሊንደሮች ስንት ስንት እንዳሳዩ፣ ኳሷ ስትጨመቅ ምን እንደሆነ። የማልፈልገው ባዶ ቃል ላይ መክፈል ነው።

መካኒኩ፦ ይገባሃል፤ ባለሙያ የሚፈተነውም በዚህ ነው። ለፍለጋ ክፈሉን የሚል መካኒክ ፍለጋውን ማሳየት አለበት፤ አለዚያ አከፋፈሉ ተለወጠ እንጂ ሥራው አልተለወጠም። ቁጥሮቹ ከነቀናቸው በወረቀት ይሰጡህ፣ ወረቀቱም ከሞተሩ ጋር ይኑር። ዛሬ ሁለቱም ሲሊንደሮች 100 ያሳዩ ሞተር ከዓመት በኋላ አንዱ 80 ቢያሳይ፣ ያኔ የሚያየው ማንኛውም መካኒክ ከመጽሐፉ ሳይሆን ከራሱ ከሞተሩ ታሪክ ይጀምራል፤ ይፈታ የሚለውም ቃል ያኔ በቂ ምክንያት ይኖረዋል። አሁን የታንኩን ክዳን ብሎን አላላና ሐይቅ ላይ እንውጣ፤ ኳሷን አንተ ትጨምቃለህ።